ለአንድ ዓመት ብቻ

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትደገፊያለሽ ወይስ ሐኪሙ የሰጠሽ ቅባት ረዳሽ? ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ ያቺ ስልክ ስደውል ሁሌ ካንቺ ቀድማ የምታነሣው ጎረቤትሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ አጥብቀህ ሳምልኝ ብላለች። ትልቋ ልጄ ሥራ ይዛለች። ትንሹ ግን ቁመቱን እንጂ ትምህርቱን ሲጨምር አላየሁትም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ዝም ብዬ በመቆየቴ ተቀይመሽ ከሆነ እውነትሽን ነው። አራት ዐረፍተ ነገር ነበር የጻፍሽልኝ። «ወንድሜ እንደምን አለህ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ማንም አላገዘኝም።» ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ወንድሜ» የምትለው ቃል መስመሯን ለቃ ወደ ላይ ወጥታለች። ሌላው ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ አጣጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን ወዲያው እንዳልመለስኩልሽ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ በትልልቅ ፊደል ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምሬም ጽሕፈቴ የመድኃኒት ማዘዣ ይመስላል ትላለች ባለቤቴ፤ ዛሬ ግን ተጠንቅቄያለሁ። ረጅም ነውና በአንድ ቀን ልጨርሰው ብለሽ ዐይንሽን እንዳታደክሚ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ለልጆችሽ ሰጥተሽ አታስነብቢው። ራስሽ አንብቢው።

ትምህርት ቤታችን ላይ የደረሰውን ላጫውትሽ።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ መጣልኝ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ በጀታችን ከአምስት እጅ አንዱ ይቀነሳል፤ ምን እንደምትቀንሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወስናችሁ አሳውቁ ይላል። ከታች ማኅተም አለ፣ ምክንያት ግን የለም። አንቺ በአንድ ደመወዝ ስድስት ልጅ ያሳደግሽ ሴት ነሽ፤ መቀነስ ምን ማለት እንደ ሆነ እኔ ላስረዳሽ አልችልም። ቤት ሲሆን ግን የሚቀንሰውም የሚቀነስበትም አንድ ማዕድ ላይ ነው የሚቀመጡት። እኛ ጋ እንደዚያ አልነበረም።

አራት ሰዎች ቢሮዬ ተሰበሰብን። አንዱ ምክትሌ ነው፤ ኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ገና ወጣት፣ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚዞርና ነገር ቶሎ የሚገባው። ሁለተኛው የወላጆች ተወካይ ሲሆን ልብስ ሰፊ ነው፤ እጅጌው ላይ ሁልጊዜ ቁራጭ ክር አይጠፋም። ሦስተኛዋ የመምህራንና የሠራተኞች ተወካይ፣ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ናት። አራተኛው እኔ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽንጣችንን ገትረን ተከራከርን። ምክትሌ ቤተ መጻሕፍቱ ይቀነስ አለ። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ቤታቸው ጠረጴዛ የሌላቸው ልጆች የቤት ሥራቸውን የት ሊሠሩ ነው ብላ ጠየቀችው። ልብስ ሰፊው ወደ ቤተ ሙከራው ዞረ። ምክትሌ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ኬሚስትሪን በጠመኔ ብቻ ማስተማር ዋናን ወንበር ላይ ቁጭ አድርጎ እንደ ማስተማር ነው አለ። ስፖርቱ ይቅር ሲባል ደግሞ ልብስ ሰፊው ተነሣ። ሁለት ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፤ እነሱ ባይኖሩም እከራከር ነበር አለን፣ ማንም ግን አላመነውም። የውኃው ቧንቧ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ የፈተና ወረቀት፣ ሁሉም እየተነሣ ወደ ቦታው ተመለሰ። አንዱ የያዘውን ሌላው ሊያስጥለው ይሞክራል እንጂ የራሱን የሚለቅ አልነበረም።

በመጨረሻ እኔ ተናገርኩ። የቅዳሜውን ክፍል ለአንድ ዓመት ብቻ እናቋርጠው፣ በጀቱ ሲስተካከል እንመልሰዋለን አልኩ።

የቅዳሜው ክፍል አንቺ በልጅነትሽ የለየሽውን ፊደል ከረሳሽ በኋላ እንደ ገና የተማርሽበት ዓይነት ነው፤ በልጅነታቸው ያልሆነላቸው ሰዎች ሳምንቱን ሠርተው ቅዳሜ ከሰዓት ማንበብና መጻፍ የሚማሩበት። ሁለት መምህራን አሉት። ይህን ስል ሁሉም ተነፈሰ። ልብስ ሰፊው የቀዘቀዘ ሻዩን አነሣ። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ቦርሳዋን ዘጋች። ምክትሌ እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ጻፈ። አምስት ደቂቃም አልፈጀብንም። ሦስት ሰዓት ያጨቃጨቀን ነገር ለምን እንዲህ እንደ ቀለለ በዚያን ሰዓት አልገባኝም። እፎይ ብዬ ቤቴ ሄድኩና ደህና አድርጌ በላሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልነግራቸው ሄድኩ። ሃያ ሦስት ነበሩ። ለአሥር ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበታቸው ደረታቸውን እየነካ ተቀምጠዋል። የማታ ጥበቃችን አለ። አንዲት አትክልት ሻጭ አለች፤ ሳይሸጥ የተረፈ ሽንኩርቷን በከረጢት ቋጥራ በሩ ጥግ አስቀምጣዋለች። ፊት ለፊት ደግሞ እማማ ቁልፍ አሉ።

እማማ ቁልፍ የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። የሁሉም ክፍል ቁልፍ እሳቸው ወገብ ላይ ነው፤ ስማቸውን ከልጆቹ ጀምሮ ማንም አይጠራውም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የትኛው ቁልፍ የትኛውን በር እንደሚከፍት በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር የሚለዩት። አምና ግን ወረቀት ቆራርጠው፣ «መጋዘን»፣ «ቤተ ሙከራ»፣ «ርዕሰ መምህር» እያሉ በራሳቸው እጅ ጽፈው እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ አሰሩ። የኔ ቢሮ ቁልፍ ላይ «ርዕሰ» ብለው ጨርሰው ቦታ ስላለቀባቸው «መምህር»ን በጀርባው ነው የጻፉት።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ፊት ቆሜ የማውቀውን ቆንጆ ቃል ሁሉ ተናገርኩ። በጀት አልኩ፣ ችግሩ የሁላችንም ነው አልኩ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ አልኩ። ማንም አልተቃወመኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። ጥበቃው መጽሐፉን ዛሬውኑ ልመልስ ወይ ብሎ ጠየቀ። አትክልት ሻጯ ደብተሯን በላስቲክ መጠቅለል ጀመረች። ያኔ እማማ ቁልፍ ቁልፎቻቸውን በእጃቸው ጨብጠው ተነሡ።

«አንድ ዓመት ካሉን መልካም ነው» አሉ። «የሚከፈትበትን ቀን ሰሌዳው ላይ ይጻፉልንና እንገልብጠው። አሁን ማንበብ ችለናል።»

ሁሉም ደብተራቸውን መልሰው ገለጡ። ጠመኔ አነሣሁ። «ቅዳሜ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። ከኋላዬ ሃያ ሦስት እስክሪብቶ ይጠብቀኛል። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ፊት ስቆም የምጽፈው ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን ጠመኔው በጣቶቼ መሐል እየተፈረፈረ እንደ ሞኝ ቆምኩ። ደግሞም አንዳቸውም አላጉረመረሙም፤ ቀኑን እስክጽፍላቸው በትዕግሥት ነው የጠበቁኝ። ዞሬ ቀኑ ገና አልታወቀም አልኳቸው።

«እንግዲያው አንድ ዓመት አይበሉን» አሉኝ እማማ ቁልፍ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «አናውቅም ይበሉን።»

ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መሳቢያውን ከፍቼ ያንቺን ወረቀት አወጣሁ። ስብሰባችንን መለስ ብዬ ሳስበው ነገሩ ተገለጠልኝ። ቤተ መጻሕፍቱም፣ ቤተ ሙከራውም፣ ኳሱም የሚሟገትላቸው ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የቅዳሜውን ክፍል ግን ስንሰርዝ ከነሱ ወገን የነበረ የለም። ስለዚህ ነው በአምስት ደቂቃ ያለቀው።

ሰኞ እንደ ገና ሰበሰብኳቸው። እማማ ቁልፍንም ጠራኋቸው። በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እንዳይንኳኳባቸው ቁልፎቹን ጭናቸው ላይ በነጠላቸው ሸፍነዋቸዋል።

ምክትሌ ፊቱን አጠቆረብኝ። የተፈረመ ቃለ ጉባኤ እንዴት ይፈርሳል አለ። ቀጥሎም ያለኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ ይህን ክፍል አተርፋለሁ ካሉ ከልጆቹ ነው የሚወስዱት። ከየትኛው ልጅ እንደሚወስዱ ይንገሩኝና እጽፈዋለሁ።»

እውነቱን ነው፣ እታለም። እስከ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። በዚያን ሰዓት ያልኩት፣ መጀመሪያ እዚህ ከተቀመጥነው እንጀምር፣ ከልጆቹ የምንወስደው የኛ ሲያልቅ ነው የሚል ነበር። ከራሴ ጀመርኩ። በየዓመቱ መዝጊያ ድንኳን ተክለን፣ ወንበር ተከራይተን እንግዳ የምንቀበልበት ዝግጅት አለ፤ ይቅር አልኩ። ባለሥልጣን ሲመጣ ብቻ ቀለም የሚቀባው የፊት አጥር እንዳለ ይቆይ አልኩ። ለሁለት ክፍል ታሪክ በሰዓት ክፍያ የሚያስተምር መምህር ለመቅጠር አስበን ነበር፤ እሱን እኔ አስተምራለሁ አልኩ። ምክትሌ የዘጠነኛ ክፍልን ኬሚስትሪ እኔ እጨምራለሁ አለ፤ እኔ ክፍል ስገባ ግን ለስብሰባ እንዳይጠሩኝ ብሎ ቃል አስገባኝ። ልብስ ሰፊው አዲስ የስፖርት ልብስ አይገዛ፣ አሮጌውን እኔ እጠግናለሁ አለ። እማማ ቁልፍ የቅዳሜው ክፍል ራሱን እየጠረገ፣ ጠመኔውንም ተማሪዎቹ እያመጡ መቀጠል ይችላል አሉ። ጠመኔውን እንቢ አልናቸው።

ይህም ሁሉ ሆኖ አልሞላም። የቅዳሜው ክፍል ከሁለት መምህራን ወደ አንድ ወረደ፤ ግማሹን እኔ ያዝኩት። የቤተ ሙከራው ዕቃ በግማሽ ተቀነሰ። አሁንም አልሞላም። ማንም ማንንም ማየት ያቃተበት ሰዓት መጣ፤ ሁላችንም ጠረጴዛውን ነበር የምናየው።

የተናገረችው የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ናት። ቤተ መጻሕፍቱ በሳምንት ከአምስት ቀን ወደ ሦስት ቢወርድ ይሞላል አለች። የሷም ክፍያ አብሮ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን።

«ወድጄ አይደለም» አለች ምክትሌን እያየች። «ስትወስኑ ግን እዚህ ነበርኩ፤ ጠይቃችሁኛል። ይህንንም ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው።»

ጻፈው። ድሮ ስታገኘኝ «ወንድም ጋሼ» ነበር የምትለኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ «ርዕሰ መምህር» ትለኛለች። አልፈርድባትም። ቤተ መጻሕፍቱ በሚዘጋባቸው ሁለት ቀናት ልጆች ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲጽፉ አያለሁ። ምክትሌ ከየትኛው ልጅ እንደሚወስዱ ይንገሩኝ ያለኝ እነዚያን ልጆች ነው። አንድ ክፍል አፈላልገን ለመክፈት እየሞከርን ነው፤ እስካሁን የሚጠብቃቸው ሰው አላገኘንም። ከጽሕፈት ቤቱ መልስ መጥቷል፤ ውሳኔያችሁን ተቀብለናል፣ ለከርሞ ግን ከዚህም ሊብስ ይችላል ይላል።

ከስብሰባው ስንወጣ ምክትሌ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። ቁጣው በርዶለት ነበር። ከሁሉ ነገር ይህ ክፍል ለምን እንዲህ አንገበገበዎት አለኝ። ማንበብ የቻለ ወላጅ የልጁን ደብተር ማየት ይችላል፣ ምናምን ብዬ መለስኩለት። ሐሰት አይደለም። ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም። ምክንያቴን ላንቺ ነው የምነግርሽ፤ ሦስት ወር ደብዳቤሽን ታቅፌ የተቀመጥኩትም ስለዚሁ ነው።

አባባ ከፋብሪካው የተቀነሰበትን ዓመት ታስታውሻለሽ። አንቺ ሁለተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥተሽ ጨርሰሽ ነበር፤ እኔ የምጀምርበት ዓመት ነበር። አባባ ሁለታችንንም አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦን ደብተርና ልብስ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው የሚበቃው አለን። «ዘንድሮ ትንሹ ይጀምር። አንቺ ለአንድ ዓመት ብቻ ተቀመጪ። በሚመጣው ዓመት እሱ ይቀመጥና አንቺ ትሄጃለሽ።» አላለቀስሽም። መጻሕፍትሽን በጋዜጣ ሸፍነሽ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልሻቸው። ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ትጠብቂኝና የተማርኩትን ታስደግሚኝ ነበር። አስተማሪው ያስተማረኝ ሳይገባኝ የቀረውን አንቺ ነሽ ያስገባሽልኝ።

ዓመቱ አለቀ። ትምህርት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው የትምህርት ቤት ልብስሽን አውርደሽ፣ ጫፉን ፈትተሽ አስረዘምሽውና አጥበሽ አሰጣሽው። በመስኮት አየሁት። በማግስቱ ከአልጋዬ አልተነሣሁም።

ሆዴን አልኩ። ራሴን አልኩ። አራት ቀን ምግብ አልቀመስኩም። የምቃዥ መስዬ የአስተማሪዬን ስም፣ የክፍል ጓደኞቼን ስም አንድ በአንድ እጠራ ነበር። እማማ ታለቅሳለች። ልጁን ከትምህርት ቤቱ መለየት ነው የጎዳው አለች። አባባ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳት ይዞት እንደ ሆነ እይው ብለው አንቺን ላኩሽ።

መጥተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። እጅሽን ግንባሬ ላይ አደረግሽ። ብዙ ቆየሽ። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ብርድ ነበር፣ መስኮቱም እንደ ተከፈተ ነበር፤ እጅሽ ከግንባሬ ይልቅ ይሞቅ ነበር። ከዚያ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብሽልኝ። ወጣሽና አባባን «እንደ እሳት ይፋጃል» ስትይው ሰማሁ። «እሱ ይሂድ። እኔ ትምህርት አልወድም።»

ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ተገኘሁ። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ተራ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም።

ምን ብዬ እንደምጨርስ አላውቅም። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ወረቀት ቀደድኩት፤ ከተበላው ዓመት ጋር ሳስተያየው አነሰብኝ። የምትጽፊልኝ ካለ፣ አንድ መስመርም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን፣ በራስሽ እጅ ጻፊልኝ። ባትጽፊም በዕረፍቴ እመጣለሁና በቃልሽ ትነግሪኛለሽ። ሲመቸኝ ሳይሆን የዕረፍቱ የመጀመሪያ ቀን ነው የምመጣው፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚደርሰውን አውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። የዐይንሽን ብርሃን አይንሣሽ። ልጆችሽን አንቺ እንዳሳደግሻቸው እነሱም እርጅናሽን ደግፈው የሚያኖሩሽ ያድርጋቸው። ፈጣሪ በሰላም ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምሽ